ሞተር ተቀይሮ መኪናው ሚስ ካደረገ፦ ኮይል ከመግዛታችሁ በፊት ይህን በቅደም ተከተል ፈትሹ

ወንድሜ የሚተዳደረው በቪትዝ የታክሲ ሥራ ነው። አምና ሞተሩ ዘይት እየጠጣ አላሠራ ሲለው ተበድሮ ጭምር ያገለገለ ሞተር ገዛ። ሻጩ የሰጠው የመሞከሪያ ጊዜ ሦስት ቀን ነበር። ሞተሩ ገብቶ ሲነሳ ሚኒሞ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ዳገት ላይ ይቆራርጣል። መካኒኩ «ካንዴላ ነው» አለ፣ ካንዴላ ተገዛ። ለውጥ የለም። «እንግዲያው ኮይል ነው» ተባለ፣ ኮይል ተገዛ። አሁንም ያው ነው። በአምስተኛው ቀን ሌላ ጋራዥ ወስዶ ኮምፕረሽን ሲያስለካ ሦስተኛው ሲሊንደር የሌሎቹን ግማሽ እንኳን አይሞላም። ሻጩ ጋ ሲሄድ «ቀኑ አልፏል» ተባለ።

ኮምፕረሽን መለካት ቪትዝ ላይ አንድ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው። የመጀመሪያው ቀን ላይ ተለክቶ ቢሆን ሞተሩ ይመለስ ነበር። ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው በዚህ መንገድ ገንዘቡን እንዳያጣ ነው።

ጉዳዩ ብዙ ሰው ይመለከታል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በእጅ ያለን መኪና ማቆየት ግድ ሆኗል። ሞተር ሲደክም ደግሞ ብዙ ሰው ሶማሌ ተራ ወርዶ ያገለገለ ሞተር ይፈልጋል። ከዛ በኋላ የሚመጣው ጭቅጭቅ «ሞተሩ ነው የታመመው ወይስ አገጣጠሙ?» የሚል ነው። መልሱን ማወቅ ያለባችሁ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ነው። ምክንያቱም ሞተሩ ከሆነ ተጠያቂው ሻጩ ነው፣ አገጣጠሙ ከሆነ ደግሞ መካኒኩ ነው።

ሚስ ማድረግ ማለት ምንድነው?

ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ውስጥ አራቱም ሲሊንደሮች በተራ ያቃጥላሉ። በአብዛኞቹ የቶዮታ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተሮች ተራው 1-3-4-2 ነው። አንዱ ተራውን ሳያቃጥል ሲዘል ሞተሩ ሚስ አደረገ ይባላል። ሚኒሞ ላይ መኪናው ይንቀጠቀጣል፣ ጉልበት ይቀንሳል፣ ቤንዚን ይበላል፣ ከማርሚታው «ፑት ፑት» የሚል ያልተስተካከለ ድምፅ ይወጣል።

አንድ ሲሊንደር እንዲያቃጥል አራት ነገር ያስፈልገዋል፦ የካንዴላ እሳት፣ ትክክለኛ የቤንዚንና የአየር ድብልቅ፣ በቂ ኮምፕረሽን፣ እና ሁሉም በሰዓቱ መድረስ። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ሚስ አለ። ፍተሻው በሙሉ የትኛው እንደጎደለ የማወቅ ጉዳይ ነው።

መጀመሪያ፦ በእርግጥ ሚስ ነው ወይ?

መንቀጥቀጥ ሁሉ ሚስ አይደለም። ሞተሩን የያዙት የጎማ ሱፖርቶች ያረጁ ከሆኑ ወይም ሲገጠሙ በደንብ ካልታሰሩ ጤነኛ ሞተርም ቦዲውን ያራግፋል። አንዱ ምልክት፦ ማርሽ ስታስገቡ ንዝረቱ ይብሳል፣ ግን የማርሚታው ድምፅ አንድ ዓይነት ሆኖ ይቀጥላል።

የቪትዝ ባለቤቶች ሌላም ልብ በሉ። የመጀመሪያው ትውልድ ቪትዝ ላይ ያለው ባለ አንድ ሊትሩ 1ኤስዜድ ባለ አራት ሲሊንደር ነው። ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመጣው ሞዴል ላይ ያለው 1ኬአር ግን ባለ ሦስት ነው። ባለ ሦስት ሲሊንደር ሞተር በተፈጥሮው ሚኒሞ ላይ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ባለ አራት የለመደ ሰው ታሟል ብሎ ሊደነግጥ ይችላል።

ባትሪ ተነቅሎ ሲመለስም ኮምፒውተሩ ሚኒሞን እስኪለምድ ድረስ ሞተሩ ለጥቂት ደቂቃ ሊንገዳገድ ይችላል። አሙቁት፣ ትንሽ ንዱት፣ ከዛ ፍረዱ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የቼክ ኢንጂን መብራት ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ አትንዱት። ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ማርሚታው እየሄደ ነው ማለት ነው፣ ውስጡ ያለውን ካታሊስት አቃጥሎ ያበላሻል።

1. የትኛው ሲሊንደር እንደሆነ እወቁ

እዚህ ላይ ስልካችሁ ይጠቅማል። ኢኤልኤም327 የሚባለው ትንሽ የብሉቱዝ መሣሪያ ከመሪው በታች ያለው የኦቢዲ ሶኬት ላይ ይሰካና በአፕ ኮዱን ያሳያችኋል። ከጃፓን ገበያ የመጡ ቆየት ያሉ መኪኖች ከርካሹ መሣሪያ ጋር ላይግባቡ ይችላሉ። ያኔ የተሻለ መሣሪያ ያለው ጋራዥ ትፈልጋላችሁ።

የኮዶቹ ትርጉም ይህ ነው፦

- ፒ0301፣ ፒ0302፣ ፒ0303፣ ፒ0304፦ የመጨረሻው ቁጥር ሚስ የሚያደርገው ሲሊንደር ነው።
- ፒ0300፦ ሚሱ አንድ ቦታ አይረጋም። ከአንድ ኮይል ይልቅ ሁሉንም የሚነካ ነገር ጠርጥሩ፦ የአየር ማምለጥ፣ የቤንዚን ግፊት፣ ማሳ፣ ታይሚንግ።
- ፒ0171፦ አየሩ በዝቷል ወይም ቤንዚኑ አንሷል።
- ፒ0335 እና ፒ0340፦ የክራንክና የካም ሴንሰር መስመር።
- ፒ0016፦ ክራንኩና ካሙ አይናበቡም። የታይሚንግ ካቴናውን ጠርጥሩ።
- ፒ1300፣ ፒ1305፣ ፒ1310፣ ፒ1315፦ ቆየት ባሉ የቶዮታ ሞዴሎች ላይ በቅደም ተከተል የ1ኛ፣ የ2ኛ፣ የ3ኛና የ4ኛ ሲሊንደር የኮይል መስመር።

ኮዱ «ኮይል ግዛ» አይልም። «እዚህ ጋ ፈልግ» ነው የሚለው።

መሣሪያ ከሌለስ? ሞተሩን አጥፉ፣ የአንዱን ኮይል ትንሿን ሶኬት ንቀሉ፣ አስነሱና ስሙ። መንቀጥቀጡ ከባሰ ያ ሲሊንደር እየሠራ ነበር። ምንም ለውጥ ከሌለ ችግረኛው እሱ ነው። አጥፍታችሁ መልሱና ወደሚቀጥለው እለፉ። አራቱንም ለመጨረስ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። በየተራው ሞተሩን ከጥቂት ሰከንድ በላይ አታቆዩት። ዲስትሪቢዩተር ባለው አሮጌ ሞተር ላይ ግን ሞተሩ እየሠራ የካንዴላ ገመድ በባዶ እጅ አትንኩ። በሺህዎች የሚቆጠር ቮልት ነው ያለው።

ቁጥሩ እንዳይምታታባችሁ፦ በቪትዝና በኮሮላ ላይ አንደኛው ሲሊንደር በታይሚንግ ካቴናው ወይም ቺንጋው በኩል ያለው ነው። መሪው ግራ በሆነ መኪና ላይ ከሾፌሩ ራቅ ብሎ በተሳፋሪው በኩል ማለት ነው።

2. በመጀመሪያው ቀን ኮምፕረሽን አስለኩ

ይህን ከየትኛውም ዕቃ ግዢ አስቀድሙት። ምክንያቱ የመሞከሪያው ቀን እየቆጠረ መሆኑ ነው። ማሳና ሶኬት ነገም ይፈተሻል፣ ሻጩ ግን ነገ ላይቀበላችሁ ይችላል።

አለካኩ እንዲህ ነው፦

- ሞተሩ ይሙቅ፣ ከዛ ይጥፋ።
- ሁሉም ካንዴላዎች ይውጡ። አንዱን ብቻ እያወጡ መለካት የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል።
- የኮይልና የኢንጀክተር ሶኬቶች ይነቀሉ። አለበለዚያ ቤንዚን እየረጨ እሳት ሊነሳ ይችላል።
- ባትሪው ሙሉ ይሁን። ሞተሪኖው ቀስ ብሎ ካዞረ ቁጥሩ ዝቅ ይላል።
- አንድ ሰው የቤንዚን ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ረግጦ ያስነሳ፣ መርፌው መውጣት እስኪያቆም አምስት ስድስት ዙር ይዙር።
- እያንዳንዱን ቁጥር ከነሲሊንደሩ ጻፉ፣ ጌጁንም በስልክ ፎቶ አንሱ። ሻጩ ጋ ስትሄዱ ማስረጃችሁ እሱ ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር፦ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ አካባቢ ነው። ስለዚህ በመመሪያ መጽሐፍ ላይ 190 ፒኤስአይ የተጻፈለት ጤነኛ ሞተር አዲስ አበባ ላይ 145 አካባቢ ቢያሳይ አትደንግጡ። ያው ሞተር ዝቅ ባለችው ድሬዳዋ ላይ ቢለካ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ይህን የማያውቅ መካኒክ ጤነኛ ሞተር «ሞቷል» ሊላችሁ ይችላል።

ከቁጥሩ ይልቅ ልዩነቱን እዩ። ለብዙዎቹ የቶዮታ ባለ አራት ሲሊንደር ቤንዚን ሞተሮች በሲሊንደሮች መካከል የሚፈቀደው ልዩነት 14 ፒኤስአይ አካባቢ ነው። 145፣ 142፣ 147፣ 143 ቢወጣ ሞተሩ ደህና ነው፣ ችግሩን ሌላ ቦታ ፈልጉ። 145፣ 142፣ 70፣ 143 ቢወጣ ግን የትኛውም ኮይል አያድነውም።

ዝቅ ያለ ሲሊንደር ካለ አንድ ሙከራ ይቀራል። በካንዴላው ጉድጓድ አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምሩና መልሳችሁ ለኩ፦

- ቁጥሩ ጉልህ ጭማሪ ካሳየ የፒስተን ፋሻ ያረጀ ነው።
- ብዙም ካልተለወጠ ቫልቭ ወይም ጓርኒሲዮን ነው።
- ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ በመካከላቸው ያለው የቴስታታ ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል።
- አራቱም እኩል ከወረዱና ከፍታውም ካላብራራው የታይሚንግ ካቴናው ወይም ቺንጋው ጥርስ ዘሎ ይሆናል።

የመጨረሻው ካልሆነ በቀር ሞተሩ የመጣው ታሞ ነው። ቁጥሩን ይዛችሁ ዛሬውኑ ወደ ሻጩ ሂዱ።

3. ኮምፕረሽኑ ደህና ከሆነ፣ እጅ የነካውን ሁሉ ፈትሹ

ትናንት ያልነበረ ችግር ዛሬ ከመጣ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ትናንት የተፈታው ነገር ነው። ሞተር ሲቀየር ብዙ ሶኬት፣ ቱቦና ብሎን ይፈታል። የሚረሱትና የሚምታቱት ደግሞ በአብዛኛው የታወቁ ናቸው።

የማሳ ሽቦ። ከሞተሩ ወደ ቦዲው የሚሄድ ሽቦ አለ። በጣም ከሚረሱት አንዱ ነው፣ ወይም ቀለም ላይ ታስሮ በደንብ አይነካም። ኮይሎች ደካማ እሳት ይሰጣሉ፣ ሴንሰሮች የተሳሳተ ይልካሉ። ፍተሻው ቀላል ነው፦ የቮልት መለኪያውን አንድ ጫፍ ሞተሩ ብረት ላይ፣ ሌላውን የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ አድርጉ፣ ሰው ያስነሳ። በማስነሳቱ ሰዓት ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ ማሳው ደካማ ነው።

የተምታቱ ሶኬቶች። የአራቱ ኮይሎች ሶኬት አንድ ዓይነት ነው፣ የኢንጀክተሮቹም እንዲሁ። የሽቦው ርዝመት ከፈቀደ የአንደኛውን ሁለተኛው ላይ መሰካት ይቻላል። የዚህ ምልክት ሁለት ሲሊንደሮች በአንድ ጊዜ መጥፋታቸው ነው። ሁለት ኮይል በአንድ ቀን አብረው መበላሸታቸው ብዙ ጊዜ አያጋጥምም፣ ሶኬት መለዋወጥ ግን ያጋጥማል። ዲስትሪቢዩተር ባለው ሞተር ላይ ደግሞ የካንዴላ ገመዶቹን በ1-3-4-2 ተራ ተከትላችሁ እዩ።

ውሃ። ሻጮች ሞተሩ እንዲያምር ያጥቡታል። ውሃው በካንዴላ ጉድጓድ ውስጥ ይቀራል፣ እሳቱም ወደ ጎን ያመልጣል። ኮይሉን አውጥታችሁ ጉድጓዱን እዩ። ውሃ ካለ በአየር አስነፍታችሁ አድርቁ። ዘይት ካለ ግን የቫልቭ ከቨሩ ጓርኒሲዮን ያፈሳል ማለት ነው፣ እሱ ይቀየራል።

የአየር ማምለጥ። የማኒፎልዱ ጓርኒሲዮን ሲገጠም ከተጣመመ፣ ወይም የፍሬን ሰርቮው ቱቦና ሌሎች ትንንሽ የጎማ ቱቦዎች ካልተመለሱ፣ ያልተለካ አየር ይገባል። ምልክቱ ሚኒሞ ላይ ሚስ ማድረግ፣ ቤንዚን ሲሰጠው ግን መሻሻል ነው። ጆሮ ሰጥታችሁ ፉጨት ፈልጉ። በመርጫ ትንሽ ውሃ በማኒፎልዱ መገጣጠሚያ ላይ እርጩ። ድምፁ ከተለወጠ ቦታውን አገኛችሁ። ቤንዚን ረጭተው የሚፈትሹ አሉ፣ በጋለ ሞተር ላይ ይህ መኪናም ሰውም ያቃጥላል፣ አታድርጉት።

ኢንጀክተር። ያገለገለው ሞተር ወራት ቆሞ ከነበረ ኢንጀክተሩ ውስጥ ቤንዚን ደርቆ ሊዘጋው ይችላል። ረጅም ካቻቢቴ ጫፉን ኢንጀክተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮ ላይ አድርጋችሁ ስሙ፣ ከቺንጋውና ከማራገቢያው ግን ራቁ። አራቱም እኩል «ጠቅ ጠቅ» ማለት አለባቸው። ዝም ያለው ካለ ወይ ሶኬቱ ወይ ራሱ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ በመለኪያ ሲለካ ብዙዎቹ የቶዮታ ኢንጀክተሮች ከ12 እስከ 16 ኦም አካባቢ ያሳያሉ። የራሳችሁ አሮጌ ሞተር ኢንጀክተሮች ደህና ከነበሩና ዓይነታቸው አንድ ከሆነ እነሱን መመለስ ይቻላል።

4. ሳትገዙ አቀያይሩ

ሦስተኛው ሲሊንደር ሚስ ያደርጋል እንበል። የሦስተኛውን ኮይል ወደ አንደኛው፣ የአንደኛውን ወደ ሦስተኛው አድርጉ። ሶኬቶቹ ግን የየራሳቸው ቦታ ላይ ይቆዩ። ኮዱን አጥፉና ንዱት። ሚሱ ወደ አንደኛው ከሄደ ኮይሉ ነው፣ አሁን መግዛት ትችላላችሁ። ሦስተኛው ላይ ከቀረ ኮይሉ ንጹሕ ነው። በካንዴላም እንዲሁ አድርጉ፣ ግን አንድ ነገር ብቻ በአንድ ጊዜ። ኮይልና ካንዴላ አብራችሁ ካዛወራችሁ የትኛው እንደሆነ አታውቁም።

ካንዴላውን ስታወጡ ፊቱን አንብቡት፦

- ደረቅ ጥቁር ጥላሸት፦ ቤንዚን በዝቷል።
- በቤንዚን የራሰ፦ እሳት የለውም።
- በዘይት የራሰ፦ ፋሻ ወይም የቫልቭ ጎሚኒ።
- በጣም ነጭ፦ ቤንዚን አንሷል ወይም አየር ይገባል።
- ከሌሎቹ ተለይቶ የታጠበ የመሰለ፦ ውሃ ወደ ሲሊንደር ይገባል፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ፈትሹ።

አዲስ ካንዴላ ከገዛችሁም ክፍተቱን እዩ። ለ1ኤንዜድ እና ለ1ዜድዜድ ሞተሮች 1.1 ሚሊ ሜትር ነው።

5. ሁሉም ደህና ሆኖ አሁንም ካለ፦ ኮምፒውተሩና ታይሚንጉ

የሞተሩ ስም አንድ መሆኑ ሁሉ ነገር አንድ ነው ማለት አይደለም። ለምሳሌ 1ኤንዜድ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በኬብል የሚሳብ ስሮትል ነበረው፣ በኋላ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሆነ። የአንዱ ኮምፒውተር ሌላውን በትክክል አያሠራም። ሕጉ አጭር ነው፦ ኮምፒውተሩ፣ ሴንሰሮቹና ስሮትሉ የአንድ ቤተሰብ ይሁኑ። ልዩነት ካለ ብዙ ጊዜ ቀላሉ መንገድ የራሳችሁን ማኒፎልድ ከነስሮትሉና ከነሴንሰሮቹ ወደ አዲሱ ሞተር ማዛወር ነው። ኮምፒውተሩን መቀየር ካስፈለገ ቁልፉን የሚያውቀው ኢሞቢላይዘር አብሮ ይታሰብ። አለበለዚያ ሞተሪኖው ይዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም።

በዘጠናዎቹ እ.ኤ.አ. ኮሮላዎች ላይ ያሉት 4ኤ-ኤፍኢ እና 5ኤ-ኤፍኢ ዲስትሪቢዩተር አላቸው። ሞተር ሲቀየር ዲስትሪቢዩተሩ ተነካክቶ ከቦታው ይንሸራተታል። 4ኤ-ኤፍኢ ላይ ቲኢ1 እና ኢ1 የሚባሉት የመፈተሻ ቀዳዳዎች በሽቦ ተገናኝተው፣ ሞተሩ ሞቆ ሚኒሞ ላይ እያለ በታይሚንግ መብራት 10 ዲግሪ መሆን አለበት። ሁለቱ ሳይገናኙ ከተለካ ኮምፒውተሩ ራሱ ታይሚንጉን እያንቀሳቀሰ ስለሆነ ቁጥሩ አይታመንም። «በጆሮዬ አስተካክላለሁ» የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ መብራት ያለው ፈልጉ።

ገና ልትገዙ ከሆነ

- የሚቻል ከሆነ ኮምፕረሽኑን እዛው ሻጩ ጋ አስለኩ። ሞተሪኖና ባትሪ ካለ ሞተር መሬት ላይ ሆኖም ይለካል። ቀዝቃዛ ስለሆነ ዋናው ነገር ልዩነቱ ነው።
- የዘይት መሙያ ክዳኑን ክፈቱ። ወተት የመሰለ ነገር ካለ ውሃና ዘይት ተቀላቅሎ ሊሆን ይችላል፣ ተጠንቀቁ።
- ከነሽቦው፣ ከነሴንሰሩና ከነኮምፒውተሩ ካገኛችሁ ይሻላል።
- የመሞከሪያው ቀን ስንት እንደሆነ፣ መቼ እንደሚጀምርና ምን ቢገኝ እንደሚመለስ በደረሰኙ ላይ ይጻፍ። በቃል የተሰጠ ቀን ሲጨቃጨቁበት ይጠፋል።
- መካኒኩን አስቀድማችሁ ያዙ። ሞተሩ ተገዝቶ ጋራዥ ወረፋ እየጠበቀ ቀኑ ያለቀበት ሰው ብዙ ነው።
- ሊብሬ ላይ የሞተር ቁጥር አለ። ሞተር ሲቀየር እሱም መስተካከል አለበት። የግዢ ደረሰኙንና የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን ኮፒ ከሻጩ ሳትቀበሉ አትውጡ። ቦሎ ስታሳድሱ ወይም መኪናውን ስትሸጡ ትጠየቃላችሁ።

ባጭሩ ለማስታወስ

- አንድ ሲሊንደር ብቻ፦ ኮምፕረሽን፣ ከዛ ኮይል፣ ካንዴላ፣ ኢንጀክተር።
- ሁለት ሲሊንደር በአንድ ጊዜ፦ የተለዋወጠ ሶኬት ወይም በመካከላቸው የተቃጠለ ጓርኒሲዮን።
- ሁሉም በየተራ፦ ማሳ፣ የአየር ማምለጥ፣ የቤንዚን ግፊት፣ ታይሚንግ።
- ሚኒሞ ላይ ብሶ በፍጥነት የሚሻል፦ የአየር ማምለጥ።
- ዳገትና ጭነት ላይ የሚብስ፦ ኮይል፣ ካንዴላ ወይም የቤንዚን ግፊት።

ወንድሜ በመጨረሻ ሌላ ሞተር ለመግዛት ሁለተኛ ብድር ገባ። የተገዙት ኮይልና ካንዴላዎች አሁንም መኪናው ኪስ ውስጥ አሉ። ሞተር የሚያስቀይር ጓደኛ ካላችሁ ሞተሩ ከመግባቱ በፊት ይህን ላኩለት። ያጋጠማችሁን ደግሞ ኮሜንት ላይ ጻፉልን፣ የሞተሩን ዓይነትና የአራቱን ሲሊንደር ቁጥር ብትጨምሩበት ሌላውም ይማርበታል።